የኮቺንግ ሙያ በጎጃም፦ የትኩረት መስክ ስለ መምረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ ወይም ሞጣ ሆነው በኮቺንግ፣ ማለትም ሰው የራሱን መፍትሔ አውጥቶ እንዲፈጽመው በጥያቄ በማገዝ ሙያ፣ ለመሰማራት የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። የብር አኃዞቹ ለስሌት ማሳያ የቀረቡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

የትኩረት መስክ ሲባል ምን ማለት ነው?

የሚረዱት ሰው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ችግሩ ላይ እንደሚሠሩ፣ በምን ያህል ጊዜ የት እንደሚያደርሱት አስቀድሞ መወሰን ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መስክ ተመርጧል አይባልም። «ላይፍ ኮች ነኝ» ሲባል ከሦስቱ አንዱም አልተነገረም። «ወጣቶችን አነቃቃለሁ» ቢባል ማን የሚለው በጥቂቱ ታወቀ፤ ችግሩ ግን የለም። እስቲ ይህን ከእነዚያ ጋር ያስተያዩት፦ «አዲስ የተሾሙ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች ትናንት እኩያቸው የነበሩትን ሠራተኞች መምራት ሲከብዳቸው፣ በ3 ወር ውስጥ ሥራ አከፋፍለው መቆጣጠር እንዲችሉ አግዛለሁ።» ይህን የሰማ ሰው ወዲያው «የእገሌ ልጅ እኮ ባለፈው ወር ነው የተሾመው» ብሎ ስም ይጠራል።

ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። በእኛ ከተሞች ደንበኛ የሚመጣው በሰው በሰው ነው። አገናኙ ሰው ሥራዎን ቡና እየጠጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ካልቻለ ማንንም አይልክልዎትም።

ኮቺንግ ከሥልጠና፣ ከማማከርና ከሽምግልና በምን ይለያል?

አሠልጣኝ ያስተምራል፤ አማካሪ መፍትሔውን ራሱ ያቀርባል፤ ሽማግሌ ሁለት ወገን ያስታርቃል። ኮች ግን ባለጉዳዩ የራሱን መፍትሔ አውጥቶ እንዲፈጽመው በጥያቄ ያግዘዋል። በሰፊው ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ «ግሮው» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በእንግሊዝ አገር የተቀረጸ ሲሆን አራት እርከን አለው፦ ግብ፣ አሁን ያለው ሁኔታ፣ አማራጮች እና ቁርጥ እርምጃ።

በተግባር ምን እንደሚመስል እንይ። እህልና በርበሬ የሚነግዱ፣ በዕድሜ የሚበልጡዎት ሴት ፊትዎ ተቀምጠዋል እንበል። «እትዬ፣ ይህ አንድ ሰዓት ሲያልቅ ምን ይዘው ቢነሡ ደስ ይልዎታል?» ብለው ይጀምራሉ። «ለዚህ ለዱቤው ነገር መላ ባገኝ» ይላሉ። ግቡ ተገኘ። ቀጥሎ «ሰው እጅ ያለው በጠቅላላ ስንት ብር ነው? ከዚያ ውስጥ ከ3 ወር ያለፈውስ?» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ አይታወቅም፤ ግማሹ በሁለት ደብተር ተበታትኗል፣ ግማሹ በቃል ነው ያለው። ሥራው የሚጀምረው ይህ ሲገለጥላቸው ነው። «እስካሁን ለመሰብሰብ ምን ምን ሞከሩ? ሌላስ ምን አለ?» ሲባሉ ሦስት አራት አማራጭ ራሳቸው ይደረድራሉ። «እስከ ሳምንት ከነዚህ የትኛውን ያደርጋሉ?» ሲባሉ ደግሞ «የአምስቱን ትልልቅ ባለዕዳዎች ስም ለብቻ እጽፋለሁ፤ ሁለቱን በገበያ ቀን አነጋግራለሁ» ይላሉ። ኮቹ ይህን በቃላቸው ጽፎ ይይዛል፤ የሚቀጥለውም ቀጠሮ ከዚሁ ይነሣል።

ኮቹ «ዱቤ ያቁሙ» አላለም። ዱቤ መከልከል የትኛውን ደንበኛና የትኛውን ዘመድ እንደሚያስቀይም እሳቸው ከማንም በላይ ያውቁታልና።

ጎጃም ውስጥ የትኞቹ መስኮች ያዋጣሉ?

ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የምናየው አዲስ የተሾሙ ኃላፊዎችን ማገዝ ነው፤ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች፣ ርእሰ መምህራን፣ የጤና ጣቢያና የኮሌጅ ኃላፊዎች። ችግሩ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ጎበዝ ሠራተኛ ስለነበረ ተሾመ፣ መምራት ግን ማንም አላሳየውም። ከፋዩም ብዙ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ጊዜውን ይጠብቁ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ሐሳብዎ መቅረብ ያለበት የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ በሚዘጋጅበት በሚያዝያና በግንቦት ነው። በጥቅምት የቀረበ ጥሩ ሐሳብ «በጀት አልተያዘለትም» ተብሎ ይመለሳል።

ሁለተኛው የተማሪዎችና የተመራቂዎች መስክ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚወስዱት ከሆነ ወዲህ ውጤቱ ቤተሰብን አስጨንቋል፤ የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ከወሰዱት 100 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂው የመውጫ ፈተና አለበት፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። የባሕር ዳር፣ የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች እዚሁ ስላሉ ፈላጊው ሞልቷል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ኮቺንግ ጥናት ማስጠናት አይደለም፤ የእርስዎ ሥራ የጥናት ጊዜ አያያዝ፣ የፈተና ፍርሃትና የዕቅድ አፈጻጸም ነው፤ የፊዚክስ ክፍተት ያለበትን ልጅ ወደ መምህር ይላኩት። ሁለተኛ፣ ገንዘቡን የሚከፍለው አባት ነው፤ የሚቀመጠው ልጁ ነው። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ ለአባትዬው ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር ካልተስማማችሁ፣ ልጁ በሁለተኛው ሳምንት አፉን ይዘጋል።

የነጋዴው መስክ ሰፊ ነው፤ ፈተናው ክፍያ ነው። የቤትና የሱቅ ገንዘብ መቀላቀል፣ የዱቤ አሰባሰብ፣ ከወንድም ወይም ከባል ጋር ያለ የሥራ ድርሻ፣ ሱቁን ለልጅ ማስረከብ፤ አንዱን ብቻ ይምረጡ። እህል ለገበያ ወጥቶ ብር የሚንቀሳቀሰው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ስለሆነ ምዝገባውን ያኔ ያድርጉ። በክረምት አዲስ ደንበኛ ማግኘት ይከብዳል፤ የነበሩትን መከታተል ይሻላል።

የግብርና ዕውቀት ያለው ሰው መራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ ድንችና አቮካዶ ከሚያመርቱት፣ አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ደከረንስ ከሚባለው ዛፍ በሚወጣ ከሰል ከሚተዳደሩት ጋር መሥራት ይችላል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ገበሬውን አንድ በአንድ መያዝ ሳይሆን የኅብረት ሥራ ማኅበራትን አመራሮችና ተደራጅተው የሚሠሩ ወጣቶችን መያዝ ነው። አምስት ሆነው የተደራጁ ልጆች ሥራው የሚፈርስባቸው ብዙውን ጊዜ በገበያ እጦት አይደለም፤ ማን ምን እንደሚሠራና ትርፍ እንዴት እንደሚከፈል አስቀድመው ስላልተነጋገሩ ነው።

የትዳር ኮቺንግን ለጀማሪ አንመክርም። ያንን ቦታ የንስሐ አባትና ሽማግሌ ይዘውታል፤ ሕዝቡም ያምናቸዋል። በዚያ ላይ በአንድ ከተማ ውስጥ ባልንም ሚስትንም፣ የሁለቱንም ዘመድ እያወቁ ገለልተኛ መሆን እጅግ ከባድ ነው።

ከተማው ትንሽ ነው፤ መስኩን ባጠብ ደንበኛ አያልቅብኝም?

ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ በስሌት ይፈትሹት። በወር ለራስዎ 18,000 ብር፣ ለክፍል ኪራይ፣ ለስልክ፣ ለትራንስፖርትና ለግብር 6,000 ብር ያስፈልጋል እንበል፤ ድምሩ 24,000። በሳምንት አንዴ የሚደረግ የ6 ክፍለ ጊዜ ጥቅል በ3,000 ብር ቢሸጡ በወር 8 ጥቅል መሸጥ አለብዎት፤ በዓመት 96 ማለት ነው። ይህም በማንኛውም ሳምንት እስከ 12 ሰው በእጅዎ እንዲኖር ይጠይቃል። ለአንድ ሰው 1 ሰዓት ንግግርና 45 ደቂቃ ዝግጅትና ማስታወሻ ቢያዝ 21 ሰዓት ይሆናል። ቀሪው ጊዜ ደንበኛ ፍለጋ ነው።

ቀጥሎ 96ቱን በ10 ያባዙ። ችግሩ ካለባቸው 10 ሰዎች አንዱ ይገዛል ብሎ ማሰብ ራሱ ለጋስ ግምት ነው፤ ስለዚህ ወደ 1,000 የሚጠጋ ባለችግር ሊደርሱበት በሚችሉት አካባቢ መኖር አለበት። ደብረ ማርቆስ ላይ አዲስ የተሾመ የባንክ ሥራ አስኪያጅ በዓመት 1,000 አይገኝም። መውጫው ሁለት ነው። አንዱ ችግሩን ሳይነኩ ሰውየውን ማስፋት ነው፤ «አዲስ የተሾመ የባንክ ሥራ አስኪያጅ» የሚለው «አዲስ የተሾመ ማንኛውም ኃላፊ» ይሆናል። ሌላው ችግሩንም ሰውየውንም ሳይነኩ መንገዱን መከተል ነው፤ ከደጀን በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰው አስፋልት ብዙ ከተሞችን ያያይዛል። የመጀመሪያውን ቀጠሮ በአካል፣ የቀሩትን በስልክ ማድረግ ይቻላል። የማይበጀው ችግሩን ራሱን ማስፋት ነው። «ማንኛውንም የሥራ ችግር» ማለት ሲጀምሩ ወደ «ላይፍ ኮች ነኝ» ተመለሱ ማለት ነው።

ቢሮ ሳልከራይ መስኩን እንዴት ልሞክረው?

ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይበቃል። መጀመሪያ ሰዎች ሳይከፍሉ በምን በምን ጉዳይ እንደሚመጡብዎት ጽፈው ሦስት ዕጩ መስክ ያውጡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ መስክ 10 ባለችግሮችን ለ20 ደቂቃ ያነጋግሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጥያቄው አቀራረብ ነው። «እንዲህ ያለ አገልግሎት ብጀምር ትመጣለህ?» ብለው ከጠየቁ ሁሉም «እንዴ! መምጣትማ እመጣለሁ እንጂ» ይልዎታል። ፊት ለፊት እንቢ ማለት በባህላችን ነውር ስለሆነ መልሱ ምንም አይነግርም። ያለፈውን ይጠይቁ፦ ይህ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ የገጠመህ መቼ ነው? ያኔ ምን አደረግህ? ማንን አማከርህ? ስንት ብር ወይም ስንት ቀን አወጣህበት? ምንም ያላወጣ ሰው ችግሩ ቢኖርበትም አይከፍልም።

ከ10 ሰዎች ቢያንስ 4ቱ ገንዘብ ወይም ብዙ ጊዜ ያወጡበትን መስክ ይዘው ሦስት ደንበኛ በግማሽ ዋጋ ለ4 ክፍለ ጊዜ ይያዙ። በነጻ አያድርጉት፤ በነጻ የመጣ ሰው ዝናብ ባካፋ ቁጥር ይቀራል፣ እርስዎም መስኩ ይሁን ነጻነቱ እንዳስቀረው አያውቁም። ከሦስቱ ሁለቱ ከጨረሱ፣ አንዱም ሳይለመን ሌላ ሰው ካመጣ መስኩ ያስኬዳል። ሁለት ሰው በመሐል ካቆመ ሄደው ምክንያቱን ይጠይቁ፤ «ሥራ በዛብኝ» ካሉ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚያሳክካቸውን ያህል አልነበረም።

ሁለት መስክ አብሬ ብይዝስ?

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የመጀመሪያዎቹን 30 ደንበኞች በአንዱ ይጨርሱ፤ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ከእነሱው ጥያቄ ይወጣል።

በዚያ ሥራ ካላለፍኩ ወይም በዕድሜ ካነስኩ ይቀበሉኛል?

ለኮቺንግ የግድ በሥራው ማለፍ አያስፈልግም፤ የሥራውን ቋንቋ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ነጋዴ «ሒሳቡ ተያዘ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ካልገባዎት በየደቂቃው ስለሚያስረዳዎት ይሰለቻል። መፍትሔው ሁለት ሳምንት ሱቅ ወይም ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ማየት ነው። ዕድሜን በተመለከተ፣ የ28 ዓመት ሰው የ55 ዓመት ባለሱቅን መጠየቅ ይችላል፤ አካሄዱን ካወቀበት። አንቱታውን ሳያጓድል፣ «እኔ ላስተምርዎት አልመጣሁም፤ እርስዎ የሚያውቁትን አብረን መልክ እናስይዘው» ብሎ መግባት በሩን ይከፍታል። ለታላቅ ሰው ጥያቄ ማብዛት እንደ ምርመራ ሊቆጠር ስለሚችል ከሦስት ጥያቄ በኋላ የሰሙትን መልሰው ይንገሯቸው።

ሰርተፊኬት ያስፈልገኛል?

ኮቺንግ እንደ ሕክምና ወይም እንደ ጥብቅና በሙያ ፈቃድ የተዘጋ አይደለም። በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው እውቅና እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ኮቺንግ ፌዴሬሽን የሚሰጠው ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ኤሲሲ 60 ሰዓት ትምህርትና 100 ሰዓት ልምምድ ይጠይቃል፤ ቀጣዩ ፒሲሲ 125 ሰዓት ትምህርትና 500 ሰዓት ልምምድ፤ ከፍተኛው ኤምሲሲ 200 ሰዓት ትምህርትና 2,500 ሰዓት ልምምድ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለጀማሪ ከባድ ነው።

የእኛ ምክር እንዲህ ነው፦ ደንበኛዎ ዓለም አቀፍ ድርጅት ከሆነ ኤሲሲን ያቅዱ፤ ባለሱቅና ተማሪ ከሆነ ማንም አይጠይቅዎትም። በየትኛውም መንገድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው የሰዓት መዝገብ ይያዙ፤ ቀን፣ የደንበኛ መለያ፣ ርዝመት፣ የተከፈለበት ወይም ያልተከፈለበት። በኋላ መዝገቡን ከትዝታ መሙላት አይቻልም።

ከሰርተፊኬት በፊት የሚቀድመው ሕጋዊው ወረቀት ነው። ክፍል ከመከራየትዎ በፊት ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ሥራው በየትኛው የንግድ መደብ እንደሚመዘገብና የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቅበት እንደሆነ ያጣሩ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያውጡ። ደረሰኝ የሌለው ሰው ከድርጅት ጋር መሥራት አይችልም። ድርጅቱ ሲከፍል ቅድመ ግብር ሊቀንስ ስለሚችል የተቀነሰበትን ማስረጃ ተቀብለው ያስቀምጡ።

ዋጋ መናገር ይከብደኛል፤ ምን ላድርግ?

እዚህ ሙያ ውስጥ ጀማሪን ከሚያስቆሙት ነገሮች ዋናው ይሉኝታ ነው። ሰውየው የአክስት ልጅ ነው፣ የሰፈር ሰው ነው፣ የዕድር አባል ነው፤ «ለእሱማ እንዴት ዋጋ እጠራለሁ» ይባልና ወሩ በነጻ ያልቃል። ዋጋውን በቃል አይናገሩ፤ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የክፍለ ጊዜውን ብዛት፣ ርዝመቱን፣ ዋጋውንና ቀጠሮ ሲቀር የሚሆነውን ጽፈው ይስጡ። ወረቀት ለሁሉም እኩል ስለሆነ አያስቀይምም። ግማሹን ከመጀመሪያው ቀን በፊት፣ ግማሹን ከ3ኛው ክፍለ ጊዜ በፊት በቴሌብር ወይም በባንክ ይቀበሉ። መጨረሻ ላይ እንዲከፈል መተው ሁለት ጉዳት አለው፤ ደንበኛው ዕዳውን ሲሸሽ ቀጠሮውንም ይሸሻል።

የቅርብ ዘመድን ደንበኛ አያድርጉ። መርዳት ከፈለጉ እንደ ዘመድ ይርዱ፤ ወይም ለሌላ ኮች ያስተላልፉ።

በትንሽ ከተማ ምሥጢር እንዴት ይጠበቃል?

የቢሮው ቦታ ከሁሉ ይቀድማል። ከትልቅ ካፌ በላይ ያለ ክፍል ለፎቶ ያምራል፤ ግን ወደዚያ የሚወጣው ሰው ሁሉ ይታያል። ሌላ አገልግሎት ያለበት ሕንፃ፣ ለምሳሌ የሒሳብ ባለሙያና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለበት፣ ይሻላል፤ ማን ለምን እንደመጣ አይታወቅም። በሁለት ቀጠሮ መካከል 30 ደቂቃ ይተው፤ ደንበኞች በር ላይ እንዳይገናኙ። በማስታወሻ ደብተር ላይ ስም ሳይሆን መለያ ይጻፉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ደንበኛው ካልቀደመ ከተለመደው ሰላምታ አይለፉ።

ከባዱ ጉዳይ ግን ተፎካካሪዎች ናቸው። በአንድ ገበያ ላይ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሁለት ነጋዴዎች ከመጡ አንዱን ብቻ ይቀበሉ። ምንም ባይናገሩ እንኳ የአንዱ ዋጋ ሲቀንስ ሌላው እርስዎን ይጠረጥራል፤ ያ ጥርጣሬ በአንድ ሳምንት ገበያውን ያዳርሳል።

ኔትወርክ ወይም መንገድ ቢቋረጥስ?

ሥራዎን በቪዲዮ ጥሪ ላይ ብቻ አይመሥርቱ። ስምምነቱ ላይ ሦስት መንገድ ይጻፉ፦ በአካል፣ በመደበኛ ስልክ ጥሪ፣ ሁለቱም ካልሆኑ ደግሞ ደንበኛው በወረቀት የሚሠራው የሳምንት ጥያቄ። የመንገድ ሁኔታ አጠራጣሪ በሆነበት ወቅት ደንበኛን ከከተማ ከተማ አያንቀሳቅሱ፤ ለጉዞው ደኅንነት የሚጠየቀው ማንም ሆነ ማን ክፍለ ጊዜው ሊተላለፍ ይችላል።

መቀበል የሌለብኝ የትኛውን ጉዳይ ነው?

እንቅልፍ ለሳምንታት የጠፋበት፣ ምግብ የዘጋው፣ ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያወራ፣ የደረሰበት አደጋ በሐሳቡ እየተመላለሰ የሚያስጨንቀው ሰው የኮች ጉዳይ አይደለም። ባለፉት ዓመታት አካባቢው ያሳለፈው ከባድ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሰው በሥራ ችግር ስም ወደ እርስዎ ሊመጣ ይችላል። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት በአቅራቢያዎ ያለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል በየትኞቹ ቀናት እንደሚሠራ ሄደው ይወቁ። ራሱን ሊጎዳ የሚችለውን ሰው ስልክ ቁጥር ብቻ ሰጥተው አይሸኙት፤ ከሚያምነው ቤተሰብ ጋር ሆነው በዚያው ቀን ያድርሱት። ለሌሎቹም «ይህ ከእኔ ሙያ በላይ ነው፤ የሚረዳዎት ሰው ግን አለ፣ አብረን እንሂድ» ማለት ይበቃል። ፍርድ ቤት የተያዘ ክርክርና የመሬት ጠብም ለጠበቃና ለሽማግሌ ነው።

መስኩ እንዳልሆነልኝ የማውቀው መቼ ነው?

በ6 ወር ውስጥ 15 ከፋይ ደንበኛ ካልደረሱ ቆም ብለው የሰዓት መዝገቡን ያንብቡ። ሰዎች መጥተው የማይቀጥሉ ከሆነ ችግሩ ከክፍለ ጊዜው ጥራት ነው፤ መስኩን ሳይቀይሩ አንድ ልምድ ያለው ሰው በደንበኛው ፈቃድ ሥራዎን እንዲያይ ያድርጉ። የሚጀምሩት ሁሉ የሚጨርሱ፣ ግን የሚጀምሩት ጥቂት ከሆኑ ዓረፍተ ነገሩን ይቀይሩ፤ ደንበኞቹ ችግራቸውን የገለጹበትን ቃል ከማስታወሻዎ ፈልገው በእርስዎ ቃል ቦታ ያስገቡ። የሚመጡት በሙሉ ለሌላ ጉዳይ የሚመጡ ከሆነ፣ ለምሳሌ በአመራር ስም መጥተው ስለ ሥራ ቅጥር የሚያወሩ ከሆነ፣ ገበያው ሌላ መስክ እያሳየዎት ነው። ያንን መስክ እንደ አዲስ ይዘው የ10 ሰዎቹን ጥያቄ ይድገሙት።